በመናገሻ ደን ውስጥ ስላለው መናፈሻ

ሰው ከድካሙ ሲያርፍ ከዛፍ ጥላ በታች ተቀምጦ ንጹሕ ነፋስ መቀበልን እንደሚወድ የታወቀ ነው። ከተማ እየሰፋ፥ መንገዱም በተሽከርካሪ እየተጨናነቀ በሄደ መጠን ይህ ፍላጎት ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደንም በዕረፍት ቀን ስንቁን ይዞ ለሽርሽር የሚወጣውን ሰው ተቀብሎ ያሳርፋል።

ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚነግረን፥ በ1426 ዓ.ም. የነገሡትና በ1460 ዓ.ም. ያረፉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉበት። ዛሬም በዚያ ጥድና ዝግባ ወይራም፥ ከፍ ባለው ስፍራ ደግሞ ኮሶና አስታ ይገኛሉ፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላም በጥሻው ውስጥ ይሰማራል። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3385 ሜትር ያህል ከፍታ አለው።

ይህንም የምንናገረው ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ለሽርሽር የወጣ ሰው ደኑን አይቶ ይወደዋል፤ የወደደውንም ይጠብቃል፤ በዚህ በኩል መናፈሻው ለደኑ ዘበኛው ነው። ነገር ግን ያው ሰው ቡና ለማፍላት ወይም ሥጋ ለመጥበስ ያነደደውን እሳት ሳያጠፋ ቢሄድ፥ ጥድ ዘይት ያለው እንጨት ነውና በበጋ ወራት አንድ ፍም ይበቃዋል። ጥሎት የሚሄደውም የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ቅጠል በስብሶ አፈር አይሆንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይገባል እንላለን። መጀመሪያ፥ የሽርሽሩ ስፍራ ትንሽ ሆኖ ድንበሩ ይታወቅ። ሁለተኛ፥ እሳት በተሠራ ምድጃ ላይ ካልሆነ በቀር አይነደድ፤ ውኃና ጠባቂም አጠገቡ ይኑር። ሦስተኛ፥ ከጎብኚው ከሚገኘው ገንዘብ በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ድርሻውን ያግኝ። ለምድጃው እንጨት የሚያስፈልገውን ሰው፥ ምንም ሳይሰጡት፥ ለከተሜው ደስታ ሲባል እንጨት አትንካ ማለት ፍርድ አይደለም፤ እንዲህ ያለውም ትእዛዝ አይጸናም።

ካህናት አባቶች ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በደቡብ ጎንደር እርሻና ግጦሽ አብዛኛውን ምድር በያዘበት አገር፥ አገር በቀሉ ዛፍ ተርፎ የሚታየው በብዙው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዛፉንም ያዳነው ስፍራው የተከበረ መሆኑን ሕዝቡ አውቆ መቀበሉ ነው እንጂ የአጥሩ ብርታት ብቻ አይደለም።

መናፈሻውን የሚያስተዳድሩ ሹማምንትም ይህን ምሳሌ ቢመለከቱ ደንቡን ከማውጣት አስቀድመው ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋራ ይመክሩበታል። ዛሬ ከጥላው የምንቀመጥ እኛ ዛፉን አልተከልንም፤ ስለዚህም ስንቃችንን በልተን ስንነሣ የተቀመጥንበትን ስፍራ እንዳገኘነው ትተን መሄድ ዕዳችን ነው።