«ካንሰር አይደለም» ከተባለ በኋላ

መልካም ውጤት የደረሰው ቤተሰብ ሁልጊዜ እልል አይልም። ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ አልትራሳውንዱ «እጢ አለ» ያለው፣ ዩሮሎጂስቱም በካሜራ ገብቶ አይቶ የጠረጠረው ሰው ውጤቱን የሚጠብቀው ለክፉው ተዘጋጅቶ ነው። በቅርቡ የአባቷን የፊኛ ባዮፕሲ ወረቀት ይዛ ወደ ፓቶሎጂ ክፍላችን የመጣች ልጅ «ዶክተር፣ የአባባ ናሙና ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ይሆን?» አለችኝ።

ተገቢ ጥያቄ ነው። ናሙናው እኮ የትም አልሄደም። ከፎርማሊን ወጥቶ፣ በሰም ተቀብሮ፣ ቁጥሩ ተጽፎበት ተቀምጧል። የተጠራጠረ ሰው ስላይዱን ተረክቦ ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየው ማድረግ ይችላል፤ ለዚህ በሽተኛው ዳግም ሰመመን መውሰድ የለበትም።

ስላይዱን አውጥቼ እንደገና አየሁት። በፊኛው ግድግዳ ውስጥ አንድ ጫፋቸው እንደ እሾህ የሾለ ሞላላ እንቁላሎች አሉ። የመከላከያ ሴሎች ከበዋቸዋል፤ አንዳንዶቹ ካልሲየም ወርሷቸው ጠቁረዋል። የፊኛ ቢልሃርዚያ ነው። በካሜራ ሲታይ እጢ የመሰለው ይህ ብግነት ያመጣው እብጠት ነበር።

አባትየው ውጭ ተቀምጠው ስለነበር አስገባኋቸው።

«አባቴ፣ በወጣትነትዎ የት ነበር የሚሠሩት?»

«ገዋኔ። የጥጥ እርሻ። የምንታጠበው ረግረጉ ውስጥ ነበር።»

ከናሙናው ጋር በሚላክልን ቅጽ ላይ ዕድሜና ጾታ ተሞልቷል፤ የኖሩበት ቦታ ግን አልተጻፈም። በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ቢልሃርዚያ የአንጀቱ ነው። የፊኛው የሚገኘው በተወሰኑ ቆላማ ቦታዎች ነው፦ በአፋር የአዋሽ ሸለቆ ረግረጎች፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ። አዲስ አበባ ላይ ደም የቀላቀለ ሽንት የሚያይ ሐኪም ቶሎ ባያስበው አይገርምም። ይህን የሚያስታውሰው የበሽተኛው ታሪክ ነው።

ልጅቱ «እንግዲህ አለቀ ማለት ነው?» አለች። አላለቀም። የጠቆረ እንቁላል የድሮ ሊሆን ስለሚችል፣ እንቁላሉን የጣለው ትል አሁንም በሕይወት መኖሩ በሽንት ምርመራ ይጣራል። ሽንቱም ቢቻል ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሰጥ፤ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በተለምዶ በኪሎ 40 ሚሊግራም ተሰልቶ በአንድ ቀን ይዋጣል። ትሉን ይገድላል እንጂ ሥጋው ውስጥ የተቀበረውን እንቁላልና ጠባሳውን አያነሳም። ለዓመታት የቆየ የፊኛ ቢልሃርዚያ ደግሞ ራሱ ለፊኛ ካንሰር ያጋልጣል። እኚህን አባት ለዩሮሎጂስታቸው ስመልስ ክትትሉ እንዳይቋረጥ አደራ ያልኩት ለዚህ ነው።

በባዮፕሲ የሚወሰደው ቁራጭ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የሚናገረውም ስለተወሰደበት ቦታ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ስትቀበሉ «ካንሰር ካልሆነ ምንድን ነው? በካሜራ ከታየው እብጠት ጋርስ ይገጥማል?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የት ውኃ ውስጥ እንደዋላችሁም ሳትጠየቁ ንገሩ። ደሙ ከተመለሰ «ነፃ ተብለናል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፤ በዚያው ሳምንት ተመለሱ።