በእስፓኝ ቋንቋ መነጽር ምን ይባላል?

ሾላ ገበያ ገብታችሁ ከእህል ሻጮቹ ዘንድ አንዲት የምስር ፍሬ በጣታችሁ ይዛችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? መካከሏ ወፈር፣ ዳር ዳሯ ሳሳ ያለ ነው። በላቲን ቋንቋ ምስር «ሌንስ» ትባላለች፤ የመነጽር መስተዋትም በቅርጹ እርሷን ስለ መሰለ በስሟ ተጠራ። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች መነጽር «ሌንቴስ» መባሉ ከዚሁ የመጣ ነው።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺሕ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት በእስፓኝ ቋንቋ ተምረዋል። በሰሌዳ ላይ የተጻፈው የማይታየው ተማሪ ችግሩን በአስተማሪው ቋንቋ ካልገለጸ ሰነፍ ሊባል ይችላል። ስለዚህ በባዕድ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ቃል እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ኩባውያን መነጽርን «ኤስፔኹኤሎስ» ይሉታል፤ «ኤስፔኾ» መስተዋት ማለት ነውና። በአርጀንቲና «አንቴኦኾስ»፣ ይኸውም «ከዓይን ፊት» እንደ ማለት ነው። በእስፓኝ አገር ደግሞ «ጋፋስ» ይባላል። የእኛ «መነጽር» «ነጸረ»፣ ማለት ተመለከተ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ ይወጣል። እንግዲህ አንዱ በቅርጹ፣ ሌላው በመስተዋትነቱ፣ ሌላው በቦታው፣ እኛ ደግሞ በሥራው ሰየምነው።

የመነጽሩ ማቀፊያ «ሞንቱራ» ነው። ይኸው ቃል የፈረስ ኮርቻም ማለት ስለሆነ፣ በአፍንጫ ላይ የተጫነ ኮርቻ ነው ብላችሁ ብታስቡት አይረሳችሁም። በጆሮ ላይ የሚያርፉት ሁለቱ ዘንጎች «ፓቲያስ»፣ ማስቀመጫው «ኤስቱቼ» ይባላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠና የሚገባው ግን «ኖ ቤኦ ቢየን ዴ ሌኾስ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ከሩቅ ደኅና አድርጎ አይታየኝም» ማለት ነው። የሚያስቸግረው የቅርቡ ከሆነ መጨረሻው «ዴ ሴርካ» ይሆናል። ሐኪሙ ሊያውቅ የሚፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ ሩቁ ለማይታየው ሰው መካከሉ የሳሳ፣ ቅርቡ ለማይታየው እንደ ምስር መካከሉ የወፈረ መስተዋት ይታዘዝለታልና።

ይህ ነገር በአገር ቤትም ያው ነው። ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያለፈ የመሥሪያ ቤት ሰው ደብዳቤውን ከዓይኑ እያራቀ ማንበብ ሲጀምር፣ በገበያ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደረው መነጽር እየለካ አንዱን ከመግዛቱ በፊት ዓይኑን ያስመርምር። የሁለቱ ዓይኖች አቅም አንድ ላይሆን ይችላል፤ ሌላም ሕመም ተሸሽጎ ይገኝ ይሆናል። «አይታየኝም» ብሎ መናገር በአማርኛም ሆነ በእስፓኝ ቋንቋ አያሳፍርም።