ደጃፋችን ላይ ንግድ ሲመጣ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ ምን መጠየቅ ይችላል?

ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ኮምቦልቻ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢበቃም ከፍታው ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ያሽቆለቁላል። የቦርከና ወንዝም አብሮ ይወርዳል። ከኩታበር በኩል ተነሥቶ ደሴን ያቋርጣል፣ ኮምቦልቻን ያልፋል፣ መጨረሻውም አዋሽ ነው። ላይ የተደፋው ታች ካለ ሰው ደጅ ይደርሳል።

የሁለቱ ከተሞች ሥጋት መልኩ ይለያያል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተጣብቃ የተሠራች ከተማ ስለሆነች መኖሪያው፣ ጋራዡ፣ ብየዳ ቤቱና ግሮሰሪው ግድግዳ ይጋራሉ። የኮምቦልቻ ጉዳይ ደግሞ ፋብሪካ ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳ፣ ሥጋና ብረታ ብረት ለዓመታት ሲመረትባት ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ።

ሥጋቱ ከንቱ እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 እና በ2014 ከአምስት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽና ፍሳሹ ከሚገባባቸው ከለዮሌና ከወርቃ ወንዞች ናሙና ወስደው ነበር። በቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ክሮሚየም፣ በብረታ ብረቱ ደግሞ ዚንክ ከአገሪቱ የፍሳሽ ልክ እጅግ በልጦ ተገኘ። ሁለቱም ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ እንዲሰጥ ያዛል። እነዚህ መብቶች ወደ ሥራ የሚወርዱት በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ከግንባታ በፊት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ (ቁጥር 299) በመመሪያ የተዘረዘረ ሥራ ሁሉ ጥናቱ ሳይፈቀድለት እንዳይጀመር ይከለክላል። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይህን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያዛል። ጥናቱ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ሊሰበሰብበት ይገባል። ለነዋሪው ከሁሉ የሚበልጠው ዕድል ይኼ ነው፤ ሥራው ገና ወረቀት ላይ ስላለ ፍሳሹ በየት ይሂድ፣ ማጣሪያው ምን ይሁን የሚለውን ማስተካከል ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ለጎረቤት። ትንሽ ብየዳ ቤት ወይም ወፍጮ ቤት እንዲህ ያለ ጥናት ላይጠየቅ ይችላል። ያኔ የሚያዋጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ነው። ባለቤት መሬቱን ሲጠቀም ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ በላይ እንዳያወጣ ይከለክላል፤ ልኩ ሲመዘን የአካባቢው ልማድና የመሬቱ አቀማመጥ ይታያል። ለጩኸት ቁጥርም አለ። በአገሪቱ መመዘኛ በመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው።

ሦስተኛ፣ ጉዳቱ ሲጀምር። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ (ቁጥር 300/1995) አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቤቱን ተከራይቶ የሚኖርም ቢሆን መብቱ አይቀርበትም።

ሥራ ላይ ሲውል

አቤቱታ «ሽታው አስቸገረን» በሚል ብቻ ከቀረበ ይረሳል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምን እንደሆነ በደብተር መመዝገብ፣ ፎቶ ማንሣት፣ ጎረቤት በጋራ መፈረም ይረዳል። አቤቱታው የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂም በእጅ ይቅር። የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚረጋገጠው በዚያ ነው። በወሎ ደግሞ አበጋር የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌዎች አሉ፤ በጎረቤት መካከል የተነሣ ጩኸት ሽማግሌ ዘንድ በእርቅ ቢያልቅ ይሻላል። ፍሳሽ ግን የእርቅ ጉዳይ አይደለም። ከታች የሚጠጣው ሰው በእርቁ ላይ አልተቀመጠም።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በሁለቱ ከተሞች ፋብሪካና ሱቅ ስላወደመ ሥራ የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄ ያነሣ ነዋሪ «ልማት ጠል» ሊባል ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። ጥያቄው ፋብሪካው አይምጣ ሳይሆን፣ ቁፋሮው ሳይጀመር የተጽዕኖ ጥናቱን አሳዩን ነው። ያ ወረቀት ካለ ይነበባል። ከሌለ ደግሞ፣ የአዋጁ ቁጥር ተጽፎ አቤቱታው ይጀመራል።