እሳቱን ከመሬት ያነሣው ጠረጴዛ

የነሐሴን ወር በጅቡቲ ከተማ ያሳለፈ ሰው ስለ ንፋስ ሲነገረው እንደ ቀልድ አይቆጥረውም። በክረምቱ ወራት ከምዕራብ በኩል የሚነሣውና ካምሲን ተብሎ የሚታወቀው ደረቅ ንፋስ አሸዋውን እያነሣ በመንገደኛው ፊት ላይ ሲበትን፥ የሙቀቱም መጠን ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፥ በቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል የማይታሰብ ነገር ነው። ስለዚህ ድስት የሚጣደው ደጅ ነው። ደጅ ደግሞ ንፋሱ አለ። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ችግር ስለ ተወለደ አንድ የብረት ጠረጴዛ ይናገራል።

ከከተማው መሐል 12 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውና በፈረንሳይኛው አጠራር «ፔካ ዱዝ» የሚባለው ሠፈር የኢትዮጵያ የከባድ መኪና ሾፌሮች መናኸሪያ ነው። ኢትዮጵያውያን ከዚህች ከተማ ጋር የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከዚህ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በከተማይቱ መሐል ያለው አደባባይም በይፋ የነጻነቱን ቀን፥ ማለት የጁን 27 ቀን 1977ን ስም ይያዝ እንጂ፥ በሰው አፍ እስከ ዛሬ ምኒልክ አደባባይ ነው። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የኤርትራ ጦርነት በአሰብ የሚገባውን ዕቃ ካቋረጠ ወዲህ የአገራችን ገቢና ወጪ ሸቀጥ አብዛኛው በዚሁ ወደብ ያልፋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ቢሰጥም፥ ብዙው ጭነት አሁንም የሚጓዘው በጎማ ነው። ሾፌሩም ተራው እስኪደርስ ድረስ ከመኪናው ሥር ይውላል፤ ከመኪናው ሥር ያድራል፤ ከመኪናው አጠገብ ያበስላል።

ሻይና ወጥ ለማፍላት ከአሮጌ ቸርኬ የተሠራ ማንደጃ ይበቃል። ጭንቁ የሚመጣው ዳቦ ሲፈለግ ነው። የድፎ ዳቦ ጠባይ ለአንባቢያን የታወቀ ነው፤ ከላይም እሳት ከታችም እሳት ይፈልጋል፤ ይህም መከራ ለበዛበት ሰው ምሳሌ እስከ መሆን ደርሷል። ባለሞያ እናቶች ሊጡን በኮባ ጠቅልለው፥ ምጣዱን በሌላ ምጣድ ከድነው፥ ፍሙን በክዳኑ ላይ ይደለድላሉ። ይኸው ጥበብ በሌላውም ዓለም አለ። ክዳኑ ፍም እንዲይዝ ዙሪያው ከፍ ያለ፥ ከሥሩም ሦስት እግር ያለው ወፍራም ብረት ድስት ፈረንጆች «የሆላንድ ምድጃ» ይሉታል። እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ አፍስሶ ድስት ለማውጣት የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1707 ሲሆን፥ የአሠራሩን ዘዴ ከሆላንድ ሰዎች እንደ ቀሰመ ስለሚነገር ስሙም ከዚያ የመጣ ይመስላል። በሠፈር የኖረ ወታደር ግን የፈረንጅ ስም ሳያስፈልገው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ፍም ከላይ፥ ፍም ከታች፥ መሐሉ ዳቦ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የቡሄ ዋዜማ በዚያው ሠፈር ነበርሁ። አገር ቤት ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበትና ሙልሙል የሚቀበሉበት ጊዜ በመሆኑ፥ አምስት ሾፌሮችና ሦስት ረዳቶች ገንዘብ አዋጥተው ዱቄትና እርሾ ገዙ። ኮባ አልነበረንምና ብረት ድስቱን ዘይት ቀባነው። ሦስት ድንጋይ ጎልተን፥ ሊጡን ከትተን፥ ፍሙን ከላይና ከታች አደረግን። ሩብ ሰዓት ያህል ሁሉም መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ንፋሱ ተነሣ። በታች ያለው ፍም እንደ ወናፍ ተነፍቶ ጋለ፤ በላይ ያለው ደግሞ ተበተነ። ከተበተነውም አንዱ ፍንጣሪ በጎን ቆሞ በነበረው ተሳቢ ሸራ ላይ አረፈ። አንዱ ረዳት በእጁ ያለውን የውኃ ጀሪካን ባይደፋበት ኖሮ ስለ ዳቦ የሚጽፍ ሰው አይገኝም ነበር፤ ምክንያቱም ከዚያ ተሳቢ ቀጥሎ የቆመው የነዳጅ ቦቴ ነበር። ዳቦው በአንድ ወገን ከስሏል፤ መሐሉ ሊጥ ነው።

በዚያች ሌሊት አንድ አንጋፋ ሾፌር፥ «ልጆቼ፥ እሳቱ መሬት ላይ እስካለ ድረስ ንፋሱ ጌታው ነው፤ አንሡት፤ አጥርም ሥሩለት» አሉን። በማግሥቱም በራሳቸው እጅ በካርቶን ላይ ንድፍ አወጡና ወደ ባልባላ ሠፈር፥ ወደ አንድ በያጅ ዘንድ ሄድን።

የጠረጴዛው ፊት ርዝመቱ 90፥ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ዙሪያው ባለ 3 ሴንቲ ሜትር የማዕዘን ብረት ሲሆን፥ አንደኛው ጎኑ ወደ ላይ ቆሞ እንደ ከንፈር ያገለግላል። በውስጡ የሚነጠፈው ላሜራ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በያጁ ላሜራውን ዙሪያውን ሊበይደው ተነሥቶ ነበር፤ ሽማግሌው ከለከሉት። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣልና፥ ዙሪያው ከታሠረ መሐሉ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ድስቱን ያዘነብለዋል። ስለዚህ ላሜራው በክፈፉ ውስጥ ልቅ ሆኖ ተቀመጠ፤ ከሥሩም እንዳይጎብጥ አንድ አግዳሚ ብረት ተደረገለት። በያጁ ርካሽ ነው ብሎ ያቀረበልን ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ነበር። ይህ ፈጽሞ መወሰድ የለበትም፤ ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። ቀለም የተቀባ ብረትም ቢሆን ምግብ ከመጣዱ በፊት ቀለሙ ተቃጥሎ ማለቅ አለበት።

እግሮቹ አራት የአንድ ኢንች ቱቦዎች ናቸው። በአራቱ ማዕዘን ሥር ከእነርሱ ጥቂት ሰፋ ያለ፥ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ ተበየደ። እግሮቹ በዚያ ውስጥ ይሰካሉ፤ ሲፈለግ ይነቀላሉ፤ ቡሎን የለ፥ ዳዶ የለ። በአሸዋ እንዳይሰምጡ ከጫፋቸው መዳፍ የሚያህል ብረት ተበየደባቸው። ከፍታውን በሚመለከት ክርክር ተነሥቶ ነበር። ረዳቶቹ እንደ ምግብ ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ሜትር ይሁን አሉ፤ ሽማግሌው 60 ይበቃል አሉ፤ እርሳቸው ልክ ነበሩ። ድስቱ ራሱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጨምር፥ ፍም የተሸከመን ክዳን ከደረት ከፍ አድርጎ ማንሣት አደጋ ነው።

የሥራው ሁሉ ብልሃት ያለው በአጥሩ ላይ ነው። በጀርባና በሁለቱ ጎን ቁመታቸው ከ30 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ ሦስት ስስ ላሜራዎች በማጠፊያ ተያያዙ። ሲቆሙ ጥግ ለጥግ በሽቦ ቀለበት ይቆለፋሉ፤ ሲታጠፉ ሁለቱ የጎን አጥሮች ፊት ለፊት በላሜራው ላይ ይጋደማሉ፤ የጀርባው በእነርሱ ላይ ይተኛል። ክፍት የሆነው አራተኛው ወገን የአብሳዩ ነው፤ ጀርባው ንፋሱ ወደሚመጣበት ይዞራል። ሁሉም ተደምሮ ክብደቱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ስለሆነ ሁለት ሰው ያለ ችግር ያነሣዋል።

እሳት ከመነደዱ በፊት ጣት የሚያህል ደረቅ አሸዋ በላሜራው ላይ ይነጠፋል። አሸዋው ብረቱን ከቀጥታ ግለት ያድነዋል፤ ሙቀቱንም ያስተካክላል፤ ደግሞም በጅቡቲ በነጻ የሚገኝ ነውና ሲኬድ ተደፍቶ ይኬዳል። የባሕር ዳር አሸዋ ግን ጨው ስላለው ብረት ይበላል፤ ከደረቅ ወንዝ ማምጣት ይሻላል። ከፍሙ ውስጥ ሢሶው ከታች፥ ሁለት እጁ በክዳኑ ላይ ይሁን፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው ዳቦውን የሚያሳርረው። በየዐሥር ደቂቃው ድስቱን በሩብ ዙር ማዞር፥ ክዳኑንም ወደ ተቃራኒው ማዞር ያስፈልጋል፤ የትኛውም እሳት አንድ ወገን ያደላልና።

ለጥንቃቄ ያህል ሦስት ነገር እጨምራለሁ። ጠረጴዛው ከነዳጅ ቦቴና ከሸራ ርቆ ይቆም፤ አጥር አለው ተብሎ ፍንጣሪ አይናቅ። ሌሊት ሲበርድ ወይም አሸዋ ሲነፍስ የተረፈውን ፍም በማንደጃ ይዞ ወደ ጋቢና መግባትም ሞት ነው፤ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያስነሣ ይወስዳል። አመዱ ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጥ እንጂ መሬት ላይ አይደፋ፤ በዚያ ሠፈር ባዶ እግራቸውን የሚሮጡ ሕፃናት ብዙ ናቸው።

የባሕሩ እርጥበት ብረትን በሳምንት ያዝገዋል። ስለዚህ ጠረጴዛውም ድስቱም በሥራ ማብቂያ ገና ሙቀት ሳለባቸው ዘይት ይቀባሉ። አዲስ ብረት ድስት ደግሞ ልክ እንደ ሸክላ ምጣድ መሟሸት አለበት፤ ዘይት ቀብቶ፥ ጭሱ እስኪያልቅ በእሳት ላይ አቆይቶ፥ ይህንኑ ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ነው። ያልተሟሸ ድስት ዳቦውን ይዞ አይለቅም።

ጠረጴዛው ሲያልቅ ቡሄ ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ቢሆንም ሊጡ እንደገና ተቦካ። ካምሲኑ እንደ ልማዱ ማምሻውን ተነሥቶ የጀርባውን ላሜራ ሲያንኳኳ አመሸ፤ ፍሙ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ክዳኑ ሲነሣ የዳቦው ፊት ቀይ ነበር፤ ግርጌው ብቻ በአንድ ጥግ ጥቂት ጠቁሯል። ሽማግሌው የጠቆረውን ቆርሰው ለራሳቸው አስቀሩና ቀሪውን ለረዳቶቹ አደሉ። በያጁም ድርሻው ተልኮለታል። ጠረጴዛው ዛሬ በጆንያ ተጠቅልሎ ከተሳቢው ሥር፥ ከተጠባባቂ ጎማው ጎን ታስሮ በጋላፊ መንገድ ይመላለሳል።