ለጣና የሚሆን የዓሣ ጀልባ፦ ዳሩንም መሃሉንም የሚችለው የትኛው ነው?

ተደራጅታችሁ ለጣና የዓሣ ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ "ሞተሩ ስንት ፈረስ ይሁን?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁናላችሁ። እኛ ግን ከሞተሩ በፊት የጀልባውን ሆድ እዩ እንላለን።

ጣና ሁለት ዓይነት ውሃ ነው። ዳሩ ደንገልና ጭቃ ነው፤ ቀረሶም የሚወደው እሱን ነው። መሃሉ ደግሞ ገላጣ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ንፋስ ሲነካው ሞገዱ አጭርና ተከታታይ ይሆናል፤ አንዱን ሳታልፉ ሌላው ይደርሳል።

ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ዳር ላይ አንደኛ ነው። ትንሽ ውሃ ይበቃዋል፣ መረብ ስትጎትቱም ብዙ አይወዛወዝም። መሃል ላይ ግን ሞገዱን አይሰነጥቅም፣ ይላተመዋል። ወገባችሁ ይነግራችኋል። በጣም ሹል የሆነው ደግሞ ሞገዱን ይሰነጥቃል፣ ዳር ላይ ግን ጭቃ ይይዘዋል፣ ሲቆምም ይወዛወዛል። ለሁለቱም የሚሆነው ፊቱ ሹል ሆኖ ወደ ኋላ እየሄደ ጠፍጠፍ የሚለው ነው። ጎኑም ከፍ ይበል። ስትለኩ ታዲያ ሰው፣ እርጥብ መረብና ዓሣ ተጭኖ ከውሃው በላይ የሚቀረውን ለኩ። (ሻጭ የሚያሳያችሁ ባዶውን ነው!)

የደንገል ታንኳ? ለዳር ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው። ግን ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ በየጊዜው መድረቅ አለበት።

አሁን ወደ ሞተሩ። ጣና ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 15 ፈረስ ብላችሁ የገዛችሁት እዚህ 12 ወይም 13 ቢሰጣችሁ ነው። ስለዚህ ትርፍ ይዛችሁ ግዙ፣ ግን ጀልባው ከሚችለው በላይ አትጫኑበት። ባለ አራት ስትሮኩ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ባለ ሁለቱ ቀላልና ለመጠገን የማያስቸግር ነው። ብዙ ርቀት የምትሄዱ ከሆነ አራቱ ያዋጣል። የትኛውም ይሁን ወደ ላይ የሚነሳ ይሁን፣ እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ጎንበስ ብላችሁ ታወጡታላችሁ። መቅዘፊያም አይቅር።

ሳትከፍሉ በፊት ጭናችሁ ሞክሩት፣ ያውም ከሰዓት፣ ንፋስ ሲነሳ። ጠዋት ጣና ስለሚረጋ ሁሉም ጀልባ ጥሩ ይመስላል። የላይፍ ጃኬቱን ዋጋ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ አስገቡት፣ በሰው ቁጥር ልክ።