ጊፍት ንጎፔ

ጊፍት ንጎፔ (የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1990) ደቡብ አፍሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ሲሆን፣ በአፍሪካ ተወልዶ በአሜሪካ ሜጀር ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ነው። የትውልድ ቦታው ፖሎክዋኔ ነው። እናቱ በራንድበርግ ከተማ በአንድ የቤዝቦል ክለብ ተቀጥረው ይሠሩ ስለነበር ያደገው በክለቡ ግቢ ውስጥ ነው።

በማይነር ሊግ

እ.ኤ.አ. በ2008 ለፒትስበርግ ፓይረትስ ፈረመ። ሆኖም አዲስ ፈራሚ በቀጥታ ለዋናው ቡድን አይሰለፍም፤ ማይነር ሊግ በሚባሉት የበታች ሊጎች ደረጃ በደረጃ ማለፍ አለበት። የንጎፔ ዋና ቦታ ሾርትስቶፕ ነበር፤ ይህም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ ነው። ኳስ በመያዝና በመወርወር ቢደነቅም በመምታት ደካማ ስለነበር በአልቱናና በኢንዲያናፖሊስ ቡድኖች ጭምር ለብዙ ዓመታት ቆየ።

በሜጀር ሊግ

ኤፕሪል 26 ቀን 2017 በቺካጎ ከብስ ላይ ተሰልፎ፣ ለመምታት በቆመበት የመጀመሪያ ዕድል ከጆን ሌስተር የተወረወረለትን ኳስ መትቶ አንደኛ ቤዝ ደረሰ። በዚያ ዓመት 28፣ በ2018 ደግሞ ለቶሮንቶ ብሉ ጄይስ 13 ጨዋታዎችን አደረገ። አብዛኛው የሙያ ዘመኑ ያለፈው ግን በማይነር ሊግ ነው።