ላብን የሚያሳልፍ ሙቀት፦ ስለ ፍሊስ ጨርቅ

ከጆሃንስበርግ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከካትሌሆንግና ከቮስሎረስ ጋር ተያይዛ በምትገኘው በቶኮዛ፣ በሰኔና በሐምሌ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥል፣ ቀኑ ግን ሰማዩ የጠራና ፀሐዩ የሚያሞቅ ስለሆነ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተጀቡኖ ወደ ታክሲ ተራ የወረደ ሠራተኛ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ያንኑ ጃኬቱን በክንዱ አንጠልጥሎት ይገኛል። አገሩ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው፤ የእኛ ክረምት ብርዱን ከዝናብና ከጭቃ ጋር አስተባብሮ ሲያመጣው፣ የዚህኛው ብርድ ደረቅ ነው፣ ዝናቡም የሚወርደው በሙቀቱ ወራት ነው። እንዲህ ባለ አገር የሰው ሁሉ ልብስ ሆኖ የሚታየው ፍሊስ የተባለው ለስላሳና ጠጕራም ጨርቅ ነው።

ከንግዱም ጥቂት የማይባለው በወገኖቻችን እጅ ይገኛል። በከተማይቱ መካከል፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሎ በተሰየመው፣ በአበሻ አፍ ግን እስከ አሁን «ጀፒ» በሚባለው ጎዳና፣ ቀድሞ የሐኪሞች መመርመሪያ የነበሩት ፎቆች በጠባብ ሱቆች ተሸንሽነው ጃኬት፣ ቱታና ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጥባቸዋል፤ ከዚያም «ሎኬሽን» በሚሏቸው እንደ ቶኮዛ ባሉ ሰፈሮች፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ዕቃውን በጫንቃቸው ተሸክመው ቤት ለቤት በዱቤ ሲሸጡ ኖረዋል። ደንበኛው የሚጠይቀው ሁልጊዜ ወፍራሙን ነው፣ ነጋዴውም የሚያመጣው ያንኑ ነው፤ ነገር ግን ለሚንቀሳቀስ ሰው ወፍራሙ የተሻለ መሆኑ እጅግ ያጠራጥራል።

ፍሊስ በድርና በማግ የሚሸመን አይደለም። የፖሊስተር ክር በሹራብ መኪና ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ከተሠራ በኋላ፣ ጥቃቅን የሽቦ ጥርስ ያላቸው ተሽከርካሪ ግንዶች ፊቱን እየቧጨሩ ጭረቱን ያነሡታል፤ ቀጥሎም ስለት የጠጕሩን ቁመት አስተካክሎ ይቆርጠዋል፣ ሙቀትም ቅርጹን ያጸናዋል። ሱፍ፣ የመንዝ በርኖስ የሚሠራበት የበግ ጠጕር፣ የክብደቱን ሢሶ ያህል እርጥበት ሊጠጣ ሲችል፣ ፖሊስተር ግን በባሕርዩ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይጠጣም፤ ስለዚህ ቢርስም ውሃው በጭረቶቹ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ቶሎም ይደርቃል።

ይህን ጨርቅ ለዓለም ያበረከተው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ፣ በሎውረንስ ከተማ የነበረው የሞልደን ሚልስ ፋብሪካ ሲሆን፣ ነገሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ገደማ፣ የተራራ ወጪዎች ልብስ ከሚሠራው ከፓታጎኒያ ጋር በመተባበር የተጀመረ ነው። የፋብሪካው ባለቤት አሮን ፎየርስታይን ሃይማኖቱን የሚያከብር አይሁዳዊ ነበር፤ ጨርቁን በፈጠራ መብት አላስከበረውም፣ በዚህም ምክንያት ማንም ፋብሪካ ሊሠራው ቻለ፤ ዛሬ በቶኮዛ ሱቅ በርካሽ የሚገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው። በታኅሣሥ 1995 ፋብሪካው በእሳት በጋየ ጊዜ፣ ኢንሹራንሱን ተቀብሎ ወደ ዕረፍቱ መሄድ ሲችል፣ ሥራ ለፈቱት ሠራተኞቹ ለወራት ደመወዛቸውን እየከፈለ ፋብሪካውን እንደገና አቆመው። ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዕዳ ፍርድ ቤት ደጅ መጥናቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን ብቻ ቈጥሮ ሰውየውን ሞኝ የሚለውን ሰው ለማመን ይቸግረኛል።

ወደ ዋናው ምሥጢር እንመለስ። ሰውን የሚያሞቀው ጨርቁ ሳይሆን በጭረቶቹ መካከል ተይዞ የቆመው አየር ነው። ዳገት የሚወጣ ወይም የሚሮጥ ሰው ደግሞ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል፤ ላቡ ተን ሆኖ መውጫ ካጣ በልብሱ ውስጥ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ውሃም ሙቀትን ከአየር በሃያ አምስት እጥፍ ያህል ስለሚያሻግር፣ ሰውየው ዐረፍ ባለ ጊዜ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ይዘልቃል። ለሚንቀሳቀስ ሰው የሚሠራው አዲሱ ፍሊስ ይህን ለማስቀረት የታሰበ ነው፦ ውስጡ ሲገለበጥ እንደ ዳማ ሰሌዳ በካሬ በካሬ የተከፈለ ሆኖ፣ ካሬዎቹ ጠጕር ለብሰው ሙቀት ይይዛሉ፣ በመካከላቸው ያሉት ሥሥ ቦዮች ግን ተኑን ያሳልፋሉ። ከዚህም አልፎ፣ ፖላርቴክ የተባለው የዚያው ፋብሪካ ወራሽ ኩባንያ ለአሜሪካ ልዩ ጦር፣ ወታደሩ ሲሮጥም ሲያደፍጥም ሳያወልቀው የሚኖር፣ ብርሃን የሚታይበት ሣሣ ያለ መረብ ላይ የተተከለ ጠጕር ሠርቷል።

ገዢው ይህን በራሱ ሊፈትነው ይችላል። ጨርቁን በአፉ ላይ አድርጎ ሲነፋ ትንፋሹ በወዲያኛው በኩል ለእጁ ከተሰማው፣ አየር የሚያስገባ ነው፤ ካልተሰማው፣ ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ለሚቆም ዘበኛ ይሆናል እንጂ ወደ ሥራ በእግሩ ለሚገሠግሥ ሰው አይሆንም። ላብን የሚያሳልፈው ቀዳዳ ነፋስንም ስለሚያሳልፍ፣ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ከላይ ሥሥ የነፋስ መከላከያ መደረብ ግድ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጨርቅ አዋሕጃለሁ የሚል ሻጭ ቢገኝ፣ ከአንዱ እያጎደለ ለሌላው እንደሚሰጥ ማወቅ ይገባል።

ነቀፋው ግን ቀላል አይደለም። በእነዚህ ሰፈሮች ብርድ በበረታ ጊዜ ሰዎች ከተበሳሳ በርሜል በተሠራ፣ «ምባውላ» በሚባል የከሰል ምድጃ ዙሪያ ይቆማሉ፤ ፖሊስተር ደግሞ እንደ ሱፍ ከስሎ የሚቀር ሳይሆን የሚቀልጥ ስለሆነ፣ አንዲት ፍንጣሪ ክብ ቀዳዳ ትበሳበታለች፣ እሳት ከያዘውም ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በሚታጠብበትም ጊዜ ለዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ጭረቶች ከውሃው ጋር ወጥተው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። አሮጌ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን አቅልጦ ፍሊስ መሥራት ከ1993 ጀምሮ የተለመደና የተመሰገነ ቢሆንም፣ ይህን ሁለተኛውን ጥፋት አያስቀረውም።

ስለዚህ የገዛ ሰው ቶሎ ቶሎ ባያጥበው፣ ሲያጥበውም በቀዝቃዛ ውሃ ገልብጦ ቢያጥበው፣ ካውያም ባያስነካው ይበጃል። የልብስ ማለስለሻ የሚሉትን ፈሳሽ ጨርሶ አይጨምርበት፤ ጭረቶቹን በቅባት ሸፍኖ፣ ላብ የሚሸሽበትን መንገድ ይዘጋዋልና።